ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ
የዳንግላና የአካባቢዋ ባህላዊ መድኃኒት በባለሙያው ላይ የሚጥለው ኃላፊነት

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




ስለ ባህላዊ መድኃኒት እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ርእሱ ሰፊ፣ የተሰጠኝ ሰዓት ግን አጭር መሆኑን በማሰብ፣ ነገሩን በአንድ አካባቢ ወስኜ ለማቅረብ መርጫለሁ። የመረጥሁትም ስፍራ ዳንግላና በዙሪያዋ ያለው የአዊ ምድር ነው። ስለ አገሪቱ በሙሉ በጅምላ ከመናገር አንዱን ሥፍራ ቀረብ ብሎ ማየት ይበልጥ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ።

በቋንቋችን «ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ» የሚል አነጋገር አለ። ይህ አነጋገር ሙያን ለመሰየም የተፈጠረ ቢመስልም፣ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በንቀት ወይም በፍርሃት ነው። ሥር የሚምሰው፣ ቅጠል የሚበጥሰው ሰው መድኃኒት ያውቃል ተብሎ ይፈለጋል፤ መርዝም ያውቃል ተብሎ ይጠረጠራል። ቀን በአደባባይ የሚያማው ጎረቤቱ፣ ሌሊት ልጁ ሲያተኵስበት በሩን ያንኳኳል። እኛ ደግሞ ነጭ ካባ የለበስን ባለሙያዎች፣ የሙያችን አባቶች እነዚሁ ሥር ማሾች እንደ ነበሩ ረስተን፣ አንዳንዴ በዝምታ አንዳንዴም በፌዝ እናልፋቸዋለን። ዛሬ ላነሣው የምፈልገው ጥያቄ፣ ይህ ዝምታ ማንን ይጠቅማል? ማንንስ ይጐዳል? የሚል ነው።

ዳንግላ ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ የምትገኝ ዝናብ ያልነፈጋት ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ደቡብ ሲኬድ የእንጅባራ ደጋ፣ ቀርከሃውና የዘንገና ሐይቅ ይገኛሉ፤ ወደ ምዕራብ ሲወረድ ደግሞ በቻግኒ በኩል ወደ መተከል ቆላ ይደረሳል። እንግዲህ አንድ መድኃኒት ዐዋቂ ከደጋው ኮሶን፣ ከቆላው ደግሞ ሌላውን ዕፅ በጥቂት ቀን መንገድ ሊሰበስብ ይችላል ማለት ነው። ሕዝቡም አገውኛና አማርኛ አጣምሮ የሚናገር በመሆኑ፣ አንዱ ተክል ሁለትና ከዚያም በላይ ስም ይኖረዋል።

አካባቢው ለውጭ አገር ተመራማሪዎችም እንግዳ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. የአባይን ምንጭ ለማየት ወደ ግሽ የመጣው በአገው ምድር በኩል ነበር። ሜጀር ሮበርት ቺዝማንም ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው እዚሁ ዳንግላ ሲሆን፣ ጣናንና አባይን ያጠናውም ከዚህ እየተነሣ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤

ባህላዊ መድኃኒት ስንል አንድ ወጥ ነገር እንደ ሆነ አድርገን መናገር ለምደናል። ቀረብ ብለን ብናየው ግን ቢያንስ ሦስት እርከን አለው።

የመጀመሪያው የጓሮ መድኃኒት ነው። ይህ የእናቶች ዕውቀት ነው፤ ምሥጢርም የለበትም። ምች የመታውን ሰው ዳማከሴ በመዳፍ አሽተው ያሸቱታል፤ ጭማቂውንም ከቡና ጋር ያጠጡታል፤ ገላውንም ይቀቡታል። ሆዱን ለሚቈርጠው ጤና አዳም ይሰጡታል። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ ከቤት አይጠፉም። ቀበርቾ ከፍም ላይ ይጨሳል። ሁለተኛው እርከን የዐዋቂው መድኃኒት ነው። ዐዋቂው ለወፍ በሽታ፣ ለኪንታሮት፣ ለእባብ ንክሻ፣ ለዕብድ ውሻ ልክፈት በቤተ ሰቡ የተላለፈለትን መድኃኒት ይሰጣል። ይህ ዕውቀት ከአባት ለተመረጠ ልጅ ይነገራል እንጂ ወደ ውጭ አይወጣም። «መድኃኒቱ ከተነገረ ኃይሉ ይረክሳል» ይባላልና። ሦስተኛው የደብተራው ነው። እርሱ ከቃል ይልቅ በብራና የተጻፈውን ይከተላል፤ ዕፁን ከጸሎትና ከክታብ ጋር ያዛምዳል።

ይህ የጽሑፍ ቅርስ በውጭ ሊቃውንት ዘንድ ከኛ ይልቅ ቀድሞ መታወቁ ሊያሳስበን ይገባል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል አንድ የደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ በ1930 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ አሳተመ። ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን ደግሞ የኢትዮጵያን የሕክምናና የዕፀዋት ጽሑፎች መርምሮ በ1968 እና በ1973 እ.ኤ.አ. በሁለት ቅጽ አወጣ። ከእኛ ከመድኃኒት ባለሙያዎች መካከል እነዚህን ሥራዎች ያገላበጠ ስንት ሰው ይገኛል?

አሁን ወደ ራሳቸው ወደ ዕፀዋቱ ልግባ። ስለ ብዙዎቹ ጥቂት ጥቂት ከመናገር፣ ስለ ሦስቱ ጠንከር አድርጌ ብናገር ይሻላል። ሦስቱም ለኛ ሙያ የተለያየ ትምህርት ይሰጣሉና።

የመጀመሪያው ኮሶ ነው። ጥሬ ሥጋ በሚወድ አገር የኮሶ ትል ብርቅ አይደለም፤ ስለዚህም አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ መጠጣትን እንደ ደንብ ይዘውት ነበር። የሚጠጣው ቀላ ያለው የሴቴው ዛፍ አበባ ነው፤ በባዶ ሆድ፣ ተፈጭቶ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ይወሰዳል። ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ከሥራም ከእንግዳም ይሰወር ነበር። ይህ መድኃኒት በ19ኛው መቶ ዓመት አውሮፓ ደርሶ፣ በ1864 እ.ኤ.አ. በወጣው የብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ስሙ ሰፍሯል። ከኢትዮጵያ ጓሮ ተነሥቶ በለንደን መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

ነገር ግን ኮሶ የሚያስተምረን ኵራትን ብቻ አይደለም። አበባው በቈየ ቍጥር ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሰውም አልሠራልኝም ብሎ መጠኑን ይጨምራል። ያ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ትኵስ አበባ ቢያገኝና በዚያው በጨመረው መጠን ቢጠጣስ? ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፤ የዓይንን ነርቭ ጐድቶ ብርሃን እስከ ማጥፋት መድረሱም በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል። ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የመሰሉ መድኃኒቶች ቦታውን የወሰዱት ኮሶ ስለማይሠራ አይደለም፤ መጠናቸው ስለሚታወቅ ነው። በዕፁና በመድኃኒቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ዋጊኖስ ነው። ብሩስ ይህን ተክል ለተቅማጥ በሽታ እንደሚሰጥ መዝግቦ ሥዕሉን ይዞ ሄደ፤ የሳይንስ ስሙም ብሩሲያ አንቲዲሴንቴሪካ ተባለ። በስሙ ውስጥ ያለው የተጓዡ ስም እንጂ መድኃኒቱን ያሳየው ያገሬው ሰው ስም አይደለም። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1973 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካዊው ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ከዚሁ ተክል ብሩሴአንቲን የተባለ ንጥረ ነገር አወጡ። በቤተ ሙከራ በአይጦች ላይ የደም ካንሰርን የመግታት ኃይል ስለታየበት በታላቅ ተስፋ ተጠበቀ፤ በሰው ላይ ሲሞከር ግን የተጠበቀውን ያህል ሳይሆን ቀረ፤ የደም ግፊትን ማውረድን የመሰለ ጕዳትም ታየበት። በዚህም ሙከራው ቆመ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ከቤተ ሙከራ እስከ በሽተኛው አልጋ ያለው መንገድ ረጅም ነው። «ይህ ቅጠል ካንሰርን ያድናል» የሚል ወሬ በሰማን ጊዜ ሁሉ የዋጊኖስን ታሪክ ማስታወስ ይገባናል።

ሦስተኛው እንዶድ ነው። የእንዶድን ፍሬ ለልብስ ማጠቢያ የማያውቅ የለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያን ትል የሚያስተላልፉ ናቸው። ከዚህ አንድ ትዝብት ተነሥቶ የብዙ ዓመት ምርምር ተካሄደ፤ በ1989 እ.ኤ.አ.ም ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ይሁን እንጂ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የሚገኘው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዶድ የውሃ ቱቦ የሚዘጋውን ዜብራ ሙስል የተባለ ባለ ቅርፊት የውሃ እንስሳ ለመግደል የሚውልበትን ዘዴ በፈጠራ መብት አስመዘገበ። ልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች ያወቁት ነገር ባሕር ተሻግሮ የሌላ ንብረት ሆነ። በጣና ዙሪያ ግን ቢልሃርዝያ እስከ ዛሬ የልጆች በሽታ ነው።

እዚህ ላይ ከሩቅ ምሥራቅ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ቻይናዊቷ ቱ ዮዮ ለወባ መድኃኒት ሲፈልጉ፣ ተክሉን በፈላ ውሃ ቀቅለው ቢሞክሩት ኃይል አጡበት። ከዚያ በኋላ በ4ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ አንድ የመድኃኒት መጽሐፍ፣ ተክሉ በውሃ ተነክሮ ይጨመቅ እንጂ ይቀቀል እንደማይል አስተዋሉ። ሙቀቱን ቀንሰው ሲሞክሩ አርቴሚሲኒን ተገኘ፤ እርሳቸውም በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ስለዚህ አንድ ዐዋቂ «ቅጠሉን አሽቶ እንጂ ቀቅሎ አይሰጥም» ሲል፣ ወይም «በጳጉሜን የተነቀለ ሥር ይሻላል» ሲል፣ ንግግሩን እንደ አጉል እምነት ቈጥረን ከመዝገባችን ማውጣት አይገባንም። አንዳንዱ በእርግጥ እምነት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ ግን ሳይንስ ያልጠየቀው ጥያቄ መልስ ይሆናል። የትኛው የትኛው እንደ ሆነ የሚለየው አስቀድሞ ከተጻፈ ነው። በዚያው መጠን ጥንቃቄም ያስፈልጋል። የኛው ጭቁኝ የቻይናው ተክል ዘመድ ነው ተብሎ ለወባ ቢጠጣ፣ የሚቈጠር አርቴሚሲኒን የለበትምና በሽተኛውን ማታለል ይሆናል።

ክቡራንና ክቡራት፤

እስካሁን ስለ ጥቅሙ ስናገር ቈየሁ። አሁን ስለ አደጋው መናገር ግዴታዬ ነው።

አንደኛው አደጋ ከስም ይመጣል። አስተናግርና ዕፀ ፋርስ ሁለት ስም ይሁኑ እንጂ አንድ ተክል ናቸው፤ ለጥርስ ሕመም ፍሬው ይታጠናል፤ ቢዋጥ ግን አፍ ያደርቃል፣ ልብ ያስመታል፣ አእምሮን ያቃዣል። በአንጻሩ የምድር እምቧይ እምቧይ ተብሎ ይጠራ እንጂ ከእምቧይ ወገን አይደለም፤ ቤተ ሰቡ ከነዱባ ነው። እንግዲህ በስም ብቻ ተማምኖ አንዱን በሌላው የሚተካ ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ጤና አዳምም ስሙ እንዲህ ያማረ ይሁን እንጂ ማሕፀንን የማነሣሣት ጠባይ ስላለው፣ ነፍሰ ጡር ሴት ለመድኃኒት ብላ ልትጠጣው አይገባም።

ሁለተኛውና ከሁሉ የከፋው አደጋ የጊዜ መጥፋት ነው። ለዚህም የዕብድ ውሻን ነገር ልጥቀስ። በአገራችን ብዙ ሰው ውሻ ሲነክሰው በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዐዋቂ ነው። ዐዋቂውም ሥር ደቍሶ ያጠጣዋል፤ ከተጠጡት አብዛኞቹም ይድናሉ። ለምን? ምክንያቱም የነከሰ ውሻ ሁሉ ዕብድ አይደለም፤ ዕብድ ውሻ የነከሰውም ሰው ሁሉ በበሽታው አይያዝም። በሽታውም አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱን የሚያሳየው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ቈይቶ ነው። ስለዚህ ቀድሞውንም የማይታመመው ሰው በመድኃኒቱ ዳነ ይባላል፤ የሚሞተው ደግሞ ሥርዐቱን አጓድሎ ነው ይባላል። በዚህ ዐይነት መድኃኒቱ ስሙ ሳይጐድፍ ትውልድ ይሻገራል። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ ግን በሽታው ከሞት አይመለስም ማለት ይቻላል። የሚያድነው ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ክትባቱን ሳይዘገዩ መጀመር ነው። ዐዋቂውን በማዋረድ ይህን ልማድ ማስቆም አይቻልም። ነገር ግን ሒሳቡን እንዲህ ቍጭ አድርጎ ያስረዳው ባለሙያ እስከ ዛሬ አጋጥሞት ይሆን?

ሦስተኛው አደጋ በጤና ጣቢያውና በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ይፈጸማል። የስኳር በሽተኛው ከኢንሱሊኑ ጋር ግራዋ ይጠጣል፤ የደም ግፊት ያለበት ክኒኑን ከነጭ ሽንኩርትና ከመቅመቆ ጋር ይወስዳል፤ ዐይኑ ቢጫ የሆነው ሰው ከዐዋቂ ቤት ወጥቶ ወደ እኛ ሲመጣ ምን እንደ ጠጣ አይናገርም። ስለማንጠይቀው አይነግረንም፤ ብንጠይቀውም እንቈጣዋለን ብሎ ይደብቀናል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። እኔ ደግሞ የጠጣውን የደበቀም እንዲሁ ነው እላለሁ። የደበቀበት ምክንያት የኛ ፊት ከሆነ ግን ጥፋቱ የበሽተኛው ብቻ አይደለም።

ስለ ሕጉም ጥቂት ልበል። መንግሥት ባህላዊ ሕክምናን ፈጽሞ ከልክሎ አያውቅም። በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣው አዋጅ ቍጥር 100 ሕይወትን አደጋ ላይ እስካልጣለ ድረስ ባህላዊ ፈዋሾች እንዲሠሩ ፈቅዷል። በ1978 እ.ኤ.አ. ከአልማ አታ ጉባኤ በኋላ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር ባህላዊ ሕክምናን የሚያስተባብር ክፍል ተቋቋመ። የ1993 እ.ኤ.አ. የጤና ፖሊሲም ጠቃሚው የባህል መድኃኒት ተጠንቶ እንዲሠራበት አዟል። የጀነቲክ ሀብትና የኅብረተሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቍጥር 482/1998 ደግሞ ማኅበረሰቡ ከዕውቀቱ ከሚገኘው ጥቅም ተካፋይ እንዲሆን መብት ሰጥቷል። ይህም የእንዶድ ታሪክ እንዳይደገም የሚረዳ ሕግ ነው። ከዚህ የተነሣ «ዐዋቂው ምሥጢሩን ለምን አይነግረንም?» ብለን ከመውቀሳችን በፊት፣ ቢነግረን ምን ያገኛል? ብለን መጠየቅ ይገባናል። ምሥጢሩ የቤተ ሰቡ እንጀራ ነው። እንጀራውን ቀምቶ ስሙን እንኳ ለማያነሣ ሰው ማን ይገልጣል?

ዕፀዋቱም ራሳቸው እኛን አይጠብቁም። ከቀበርቾ የሚፈለገው ሥሩ ስለ ሆነ፣ በተቈፈረ ቍጥር ተክሉ ይሞታል፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይበቅል መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። የኮሶ ዛፍ ለዕቃ ሥራ ይቈረጣል። በአዊ ብዙ ገበሬ ማሳውን ለከሰል በሚውለው በዲከረንስ ግራር መሸፈኑ ለኑሮው ጠቅሞታል፤ ይህን መንቀፍ አይቻልም። ነገር ግን ሥርና ቅጠል የሚለቀምበት የድንበርና የዳር ዱር በዚያው ልክ ይጠባል። ለብዙ አገር በቀል ዛፎች የቀረላቸው መጠጊያ የአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ነው። ዐዋቂው ሲሞት ዕውቀቱ ይቀበራል፤ ተክሉ ሲጠፋ ደግሞ የተጻፈውም ዕውቀት ባዶ ስም ይሆናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከዐቅማችን የማያልፉ አራት ነገሮች አሉኝ።

1ኛ. እያንዳንዱን በሽተኛ «ከዚህ በፊት ምን የባህል መድኃኒት ወስደሃል? ምን ወስደሻል?» ብለን ያለ ወቀሳ እንጠይቅ፤ መልሱንም በካርዱ ላይ እንጻፍ።

2ኛ. በየምንሠራበት ቦታ ፈቃደኛ ከሆኑ ዐዋቂዎች ጋር፣ መብታቸውን አስጠብቀን፣ የተክሉን የአገውኛና የአማርኛ ስም፣ የሚወሰደውን ክፍል፣ የአዘገጃጀቱን መንገድና መጠኑን እንመዝግብ። የተክሉንም ናሙና አድርቀን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ የዕፀዋት ማከማቻ እንላክ። ስም ያሳስታል፤ የደረቀ ቅጠል ግን አያሳስትም።

3ኛ. ከዐዋቂዎቹ ጋር ተቀምጠን፣ ፈጽሞ ሊዘገዩ የማይገባቸውን ሕመሞች እንስማማ፦ የዕብድ ውሻ ንክሻ፣ የዐይን ቢጫ መሆን፣ የነፍሰ ጡር መድማት፣ የሕፃን መንዘፍዘፍ። ዐዋቂው በሽተኛውን ወደ እኛ ሲልክ፣ እኛም በአክብሮት እንቀበለው፤ ላኪውንም እናመስግን። የላከ ዐዋቂ ከተሰደበ ሁለተኛ አይልክም።

4ኛ. በየጤና ጣቢያውና በየትምህርት ቤቱ ግቢ ጥቂት መደብ ለዕፀ መድኃኒት እንመድብ። ቀበርቾና ኮሶ እኛው ግቢ ውስጥ ቢበቅሉ፣ ቢያንስ ተማሪው ስማቸውን ከመልካቸው ጋር ያውቃል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዳማከሴን ቅጠል በአይጦች ላይ ሞክረው ትኵሳትን የመቀነስ ኃይል እንዳለው በ2003 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። እናቶቻችን በመዳፋቸው ሲያሹት የኖሩት ቅጠል ቤተ ሙከራ ገብቶ መስክሯል ማለት ነው። ሌሎቹም ለምስክርነት ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንዳንዶቹ እንደ ዳማከሴ ይመሰክራሉ፤ አንዳንዶቹ እንደ ዋጊኖስ ተስፋ ሰጥተው ያፈገፍጋሉ፤ አንዳንዶቹም አደገኛነታቸው ታውቆ ይተዋሉ። ሦስቱም ውጤት ለበሽተኛው ይጠቅማል። የማይጠቅመው ሳይጠየቁ መቅረታቸው ብቻ ነው።